ትንሽ ሲኒማ ቤት ውስጥ የሠራችሁ፣ ምን ትዝ ይላችኋል?

ትኬት ቆራጯ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወጣት ሳለሁ ሁለት ዓመት ያህል ባለ አንድ አዳራሽ ሲኒማ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ትኬት መቁረጥ ይባል እንጂ በሩን የምከፍተውም፣ አዳራሹን የምጠርገውም፣ ወንበር ሥር የተረሳ ጃንጥላና መነጽር ሰብስቤ የማስቀምጠውም እኔው ነበርኩ። ፊልሞቹን ግን አብዛኞቹን አላየኋቸውም። የማውቃቸው በበሩ በኩል በሚመጣው ድምፅ ነው። ሰዉ የቱ ጋ እንደሚስቅ፣ የቱ ጋ ጸጥ እንደሚል በሦስተኛው ቀን በቃሌ ይዤው ነበር፤ ምን አይቶ እንደሚስቅ ግን እስከ ዛሬ የማላውቃቸው አሉ። እናንተስ? በተለይ ላይ ማሽን ክፍል የሠራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። እኔ እዚያ መግባት አይፈቀድልኝም ነበር።

የማሽን ክፍሉ፦
እህቴ፣ የኔ ቦታ እሱ ነበር። 35 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ ሁለት ፕሮጀክተር። አንዱ ጥቅል ቢበዛ 20 ደቂቃ ነው የሚሄደው፤ የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም አምስት ጥቅል ገደማ ይሆናል። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ማሽን ይቀበላል፣ ተመልካቹ ምንም ሳይታወቀው። ስክሪኑ ላይ በቀኝ በኩል ከላይ ጥግ ትንሽ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ያኔ ሁለተኛውን ሞተር ታስነሻለሽ። ከሰባት ስምንት ሰከንድ በኋላ ሌላ ነጥብ ትመጣለች፣ ያኔ ትቀይሪያለሽ። ነጥቧ የምትቆየው አራት ፍሬም፣ ማለትም ፊልሙ ላይ ያሉ አራት ነጠላ ምስሎች ብቻ ነው፣ በሰከንድ ደግሞ 24 ፍሬም ያልፋል፣ እንግዲህ አስቢው። ዛሬም የድሮ ፊልም ሳይ ዓይኔ ሳላዘው ወደዚያ ጥግ ይሄዳል።

አንድ ቀን ፊልሙ መብራቱ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ። ስክሪኑ ላይ የተዋናይዋ ጉንጭ መሃል ቡናማ ነጥብ ወጣ፣ ሰፋ፣ ከዚያ ነጭ ብርሃን ሆነ። መብራቱን ዘጋሁ፣ የተቃጠለውን ቆርጬ ሁለቱን ጫፍ በቴፕ አያያዝኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በትንሿ መስኮት ቁልቁል ሳይ ከወንበሩ የተነሳ ሰው የለም። ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለው እየጠበቁኝ ነበር። ይሄን መቼም አልረሳውም።

ከዲጂታል በኋላ፦
እኔ ስገባ ፊልም የሚመጣው በሃርድ ዲስክ ነበር። የሚከፍተው ቁልፍ ለብቻው ይላካል፤ ለተፈቀደለት ማሽንና ለተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው የሚሠራው። አንዴ ቁልፉ ሳይደርስ ሰዓቱ ደረሰና ሙሉ አዳራሽ ፊት ቆሜ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ እግሬ መሬት የረገጠ አልመሰለኝም። ሙያው አለቀ የሚሉ አሉ፣ እኔ አልስማማም። የፕሮጀክተሩን የዜኖን አምፖል ስትቀይሩ ዛሬም ጓንትና የፊት መከላከያ ያስፈልጋል፣ ቀዝቅዞም ቢሆን ውስጡ ያለው ጋዝ ግፊቱ ከባድ ስለሆነ ሊፈነዳ ይችላል። ድምፁንም ማሽኑ አይሰማላችሁም። አዳራሹ ሲሞላ የሰዉ ገላና ልብስ ድምፁን ይውጠዋል፣ ስለዚህ ቆሞ ሰምቶ ትንሽ ከፍ የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል።

ትኬት ቆራጯ፦
አመሰግናለሁ፣ እንባዬ ነው የመጣው። አንድ ነገር ልጠይቅ። አንድ ማታ ሰዉ ማጉረምረም ሲጀምር ገብቼ ሳይ የተዋናዮቹ አፍና ድምፅ አይገጥምም። ምን ሆኖ ነው?

የማሽን ክፍሉ፦
ማሽኑ ምስሉን የሚያሳይበትና ድምፁን የሚያነብበት ቦታ የተለያየ ነው። ስለዚህ ድምፁ ፊልሙ ላይ የሚታተመው ከምስሉ 20 ፍሬም ያህል አስቀድሞ ነው። በሁለቱ መሃል ፊልሙን ላላ አድርገን እንተወዋለን፣ ሉፕ እንለዋለን። እሱ ካጠረ ወይም ከረዘመ ከንፈርና ድምፅ ይለያያሉ። እኛ ጋ የማሽኑ ጩኸት ስለሚበዛ ቶሎ ላንሰማው እንችላለን፣ ሰው መጥቶ ቢነግረን ደስ ነው የሚለን።

ትኬት ቆራጯ፦
ሄጄ አንኳኩቼ ነበር! ሰውየው በሩን ገርበብ አድርጎ «አውቄዋለሁ፣ ይቺ ጥቅል እስክታልቅ ነው» አለኝና ክፍቱን ትቶት ተመለሰ። ደረጃው ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። አንገቱን ወደ መስኮቷ አስግጎ ዓይኑን አልነቀለም፣ እጁ ማብሪያው ላይ ነበር። ነጥቧን እየጠበቀ ነበር ማለት ነው። ቀየረው፣ ታች ሰዉ ዝም አለ።