ፑግ በአደራ ለመቀበል ለምታስቡ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች

ባለቤቱ ወደ ውጭ ሲሄድ ማደሪያ ያጣ አንድ ፑግ የሚባል ዝርያ ውሻ ለሁለት ወር በአደራ ተቀብዬ ነበር። ሁለቱ ወር ካለፈ ቆይቷል፤ ውሻው ግን እኔ ዘንድ ቀርቷል፤ አልሰጠውም። ምን ይገዛ፣ የት ይታከም ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ በአደራ አቆዩት፤ ለዘለቄታው መውሰዱ ይደርሳል። የውሻው ጠባይ፣ የግቢው ሰው ስሜት፣ የእናንተም አቅም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይታያል። ጎረቤቶቻችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ፤ በወሎ ግቢ ቡና የሚጠጣው በአንድነት ነውና የውሻው ዕቃ ለብቻው ይሁን፣ ሰው ከሚቀመጥበትና ከሚሰግድበት ቦታ ይራቅ። እኔ ይህን አስቀድሜ በመናገሬ ማንም አልተቀየመኝም።

ውሻ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ፑግ ደግሞ አፍንጫው ድፍጥጥ፣ የአየር መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ሙቀት ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ደሴ ለእሱ ከኮምቦልቻ ትሻላለች። ኮምቦልቻ ያላችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ በጠዋትና ፀሐይ ስትጠልቅ ብቻ አንሸራሽሩት። ከአዲስ አበባ የምታመጡት ከሆነ ግን መንገዱን አትናቁ። ጣርማ በር ላይ ብርድ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ግን ሙቀቱ ይከብዳል። እኔ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ እኩለ ቀን ሳይሆን ከሚሴን አለፍኩ።

ምግብ ላይ ሁለቱንም ሞክሬአለሁ። ከውጭ የሚመጣው ደረቅ ምግብ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ይከብዳል፣ ሁልጊዜም አይገኝም። እኔ የምመርጠው ሩዝ ወይም ክንቼ ከተቀቀለ ሥጋና ካሮት ጋር ነው። የወጥ ትርፍራፊ ፈጽሞ አትስጡት! ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርት ደግሞ፣ ነጩም ቀዩም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያጠፋል። ከሉካንዳ በርካሽ የሚገኘውን ሳምባና ጉበት ሳትቀቅሉ አትስጡ። ጥሬው ውስጥ ያለው የትል ከረጢት በውሻው አንጀት ወደ ትልነት ይለወጣል፤ ከእዳሪው የሚወጣው እንቁላል ወደ ሰው አፍ ሲገባ ጉበትንና ሳምባን ይይዛል። የትል መድኃኒቱንም በጊዜው ስጡት። ፑግ ሆዳም ነውና ሰፍራችሁ አብሉት፤ ሲወፍር መተንፈስ ይብስበታል።

ለማሰሪያ የአንገት ቀበቶ አልመክርም። ፑግ ዓይኑ ወጣ ያለ ስለሆነ አንገቱ ሲታነቅ ዓይኑም ይጎዳል። የደረት ማሰሪያ ፈልጌ ባጣ ጊዜ አንድ ጫማ ሰፊ ከሸራ ለክቶ ሰፋልኝ፤ ከተገዛው የሚተናነስ አይደለም። ለመኝታውም ስፖንጅ ገዝቼለት ነበር፣ ቦጫጭቆ ጨረሰው። አሮጌ ባና አጥፌ ባነጥፍለት ግን ለደሴ ብርድ ተስማማው፤ ይታጠባል፣ አይበጣጠስም።

ሕክምናን በተመለከተ ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ስላለ፣ ስለ ውሻ የሚያውቅ ባለሙያ መጠየቅ የምጀምረው ከዚያ ነው። የእንስሳት መድኃኒት ቤቶች ለትል መድኃኒት ቅርብ ናቸው፤ ክትባት ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። አንዱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከመደርደሪያ አንሥቶ ሊሰጠኝ ሲል ትቼው ወጣሁ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ከማቀዝቀዣ ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ፣ የክትባት ካርድም ጠይቁ።

የፊቱን እጥፋት በየቀኑ በረጠበ ጥጥ ጥረጉለት፣ ከዚያም አድርቁት፤ እርጥበት ከቀረበት ይቆስላል። ሌሊት ማንኮራፋቱ አያስደንግጣችሁ። ምላሱ ወይም ድዱ ወደ ሰማያዊ ካደላ ግን ወዲያውኑ ወደ ጥላ ወስዳችሁ ሰውነቱን በውሃ አቀዝቅዙት፣ ሳትዘገዩም ወደ ሐኪም ይዛችሁት ሂዱ።