ክረምቱን የቆመች መኪና ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርቶ ሽቦ በላብን፣ ምን ይሻላል?

ቪትዟ፦
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። የወንድሜ ቪትዝ ኮተቤ እኛ ግቢ ነው የምትቆመው፣ እሱ ዱባይ ስለሚሠራ በዓመት አንዴ ሲመጣ ነው የሚነዳት። ክረምቱን ሙሉ ሸራ ለብሳ ከርማ ለመስቀል ሊያወጣት ሲል አልነሳም አለች። ባትሪ ነው ብለን ከጎረቤት መኪና በኬብል አስነሳናት፣ ተነሳች ግን ቼክ ኢንጅን በርቶ ቀረ፣ ኤሲውን ሲከፍተው ደግሞ የሚወጣው ግማት አይነገርም። መካኒኩ ኮፈኑን እንኳ በደንብ ሳያይ ሴንሰር ነው ብሎ አስቀየረን፣ መብራቱ ግን ወይ ፍንክች። በኋላ ኤሌክትሪሺያን ስንጠራ ባትሪው ጎን ጭድና የተቦጫጨቀ ስፖንጅ ተከምሮ፣ ሦስት ቦታ ሽቦ ተበልቶ አገኘ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው፣ ያ ምስኪን ሴንሰር ምን አደረገ 😂

አሁን ወንድሜ ተመልሶ ሊሄድ ነው፣ መኪናዋም እንደገና ልትቆም ነው። የምትቆመው ቆርቆሮ ሸድ ውስጥ ነው፣ የእማዬ የጤፍ ጆንያና የዶሮ መኖም እዛው ነው ያለው። ናፍታሊን አድርጊ የሚል አለ፣ መርዝ የሚል አለ፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ በድምፅ የሚያባርር እቃም ሲሸጥ አይቻለሁ። የሞከራችሁ ካላችሁ በናታችሁ።

የሰፈር ልጅ፦
ድመት ያዢ፣ አለቀ።

ቪትዟ፦
ድመትማ አለችን እኮ፣ ሸራው ላይ ነው ተኝታ የምትውለው 😅

ባለ ካቻቢቴ፦
እህቴ፣ ጥያቄሽ ውስጥ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። መኖው! አይጥ መኪና ወዶ አይደለም የሚመጣው፣ እራቱ ሁለት ሜትር ላይ ካለና ከጎኑ ዝናብ የማይገባበት ጨለማ ቤት ካገኘ ለምን ይሄዳል? መጀመሪያ ጆንያዎቹን ከሸዱ አውጡ፣ ካልተቻለ ክዳን ያለው የብረት በርሜል ውስጥ አድርጉት፣ ጆንያና ፕላስቲክ ለአይጥ ምንም ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ቀዳዳ ነው። ትንሿ አይጥ እርሳስ የሚያሾልክ ቀዳዳ ካገኘች ትገባለች፣ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጭቃና ፎም ብቻ አትድፈኑበት፣ ቦርቡራ ትከፍተዋለች። የድስት መፈግፈጊያውን ሽቦ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ጠቅጥቁና በላዩ ሲሚንቶ ምረጉ። የበሩን ስር ላሜራ ምቱበት።

መኪናዋን በተመለከተ ግማቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከኤሲው ፊልትሮ ነው፣ ቪትዝ ላይ ከክሩስኮቱ መሳቢያ ጀርባ ነው ያለው፣ አውጥታችሁ እዩት፣ ሽንት ከነካው መቀየር እንጂ ማጠብ አያዋጣም። የሞተሩንም አየር ፊልትሮ ሳጥን ክፈቱ፣ እዛ ውስጥ ስንቴ ጎጆ አግኝቻለሁ። ስትቆም ደግሞ ሸራውን አውልቁላት፣ ሸራ ለአይጥ ብርድ ልብስ ነው፣ ኮፈኑንም ከፍ አድርጋችሁ ተዉት፣ ብርሃንና ንፋስ ያለበት ቦታ አይወልድም። የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቱ፣ የተላጠ ሽቦ ብረት ከነካ እሳት ነው። በሳምንት አንዴ የሚነዳት ሰው ካለ በጣም ጥሩ፣ ግን ግማሽ ሰዓት ትነዳ፣ አስነስቶ ወዲያው ማጥፋት ባትሪ መጨረስ ነው።

ሚኒሶታ ነኝ፦
እኛ ጋ ሰው በረዶ ሲጀምር ሁለተኛ መኪናውን ጋራዥ ከቶ እስከ ሚያዝያ ስለማይነካው ይሄ ችግር በየዓመቱ ነው። በድምፅ የሚያባርረውን ገዝቼ ሞክሬዋለሁ፣ መጀመሪያ ሳምንት ዝም አሉ ከዛ ለመዱት፣ እቃው ላይ ኩስ አገኘሁበት ስልሽ 😂 እዚህ አሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ በ2001 (በፈረንጆቹ) ይሄን እቃ ለሚሠሩና ለሚሸጡ ከ60 በላይ ድርጅቶች ይሠራል የምትሉትን በማስረጃ አሳዩ ብሎ ደብዳቤ ጽፎላቸው ነበር። ናፍታሊንም ይቅርብሽ፣ አይጧ ሳትሄድ ሽታው ለወራት ወንበሩ ላይ ይቀራል፣ ለሚተነፍሰው ሰውም ጥሩ አይደለም። ሆንዳ ሚጥሚጣ የመሰለ ነገር የተቀባ የሽቦ ፕላስተር ይሸጣል፣ የተጠገነው ሽቦ ላይ ጠቅልዬዋለሁ፣ እስካሁን አልተነካም። አዲሶቹ መኪናዎች ሽቦአቸው ከአኩሪ አተር ስለሚሠራ ነው የሚበላው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ባለ ካቻቢቴ፦
የአኩሪ አተሩን ተወው ወንድሜ፣ የድሮ ቮልስ ዋገን ሽቦም ሲበላ አይቻለሁ። ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድግ ያገኘውን ሁሉ ይቦረቡራል።

እማማ ዝናሽ ግቢ፦
መርዝ የሚሏችሁን እንዳትሰሙ!! እኛ አድርገን አይጧ ወዲያው አትሞትም፣ ቀናት ቆይታ መኪናው ውስጥ የማይደረስበት ቦታ ገብታ ሞተች፣ ሽታው ወር ቆየ። አንድ ደግሞ ግቢ ውስጥ እየተንገዳገደች ድመታችን በላቻት። ድመቷ ታማ በስንት መከራ ተረፈች። ዶሮም አላችሁ። የሽቦ ወጥመድ ይሻላል፣ ግድግዳ ስር ለስር ነው የሚሄዱት፣ ምግቡ ያለበትን ጫፍ ወደ ግድግዳው አዙሪው። ትልቁ አይጠ መጎጥ አዲስ እቃ ይፈራል፣ ሁለት ሦስት ቀን ሳትወጥሪው ዝም ብለሽ አብይው። እኛ ቋንጣ በክር አስረን ነው የምናደርገው፣ ካልታሰረ ላፍ አድርጎ ይሄዳል። ኩሱን ስታጸጂ ደረቁን እንዳትጠርጊው፣ አቧራው ያሳምማል። ጓንትና ማስክ አድርጊ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ርጨሽ 5 ደቂቃ ቆይተሽ በጨርቅ አንሺው።

ቪትዟ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ቅዳሜ ፊልትሮውን አወጣነው፣ ግማሹ ተበልቷል፣ መሀሉ ላይ የጤፍ ክምር 😳 መኖውን በርሜል ውስጥ አድርገናል፣ ሸዱ ጥግ ላይ ሁለት ቀዳዳ ተገኝቶ ተደፍኗል። በአምስት ቀን አራት ተያዙ። እማዬ ግን ጤፉ ከሸድ አይወጣም ብላለች፣ ድርድር ላይ ነን። ባለ ካቻቢቴ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ ከተተወ ዶሮዎቹ አይገቡበትም?

ባለ ካቻቢቴ፦
ይገባሉ 😂 የወንፊት ሽቦ ጣል አድርጉበት።