ከአፈሙዝ የሚጎርስ የድሮ ጠመንጃ፦ በምን ይለያል፣ እንዴት ይያዛል?

ታቦር ሥር (ሐዋሳ)፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ለባህል ዕቃ ማሳያ ሊቀርብ የታሰበ የአባቶች ጠመንጃ አለ። ከበርሜሉ ሥር ዘንግ ተሰክቶበታል፤ በርሜሉን ከእንጨቱ ጋር ሦስት የብረት ቀለበቶች አስረውታል። መምቻው በቀኝ ነው፤ ከሥሩ ያለው የጎን ብረት ላይ ዘውድና 1859 ተቀርጿል። ኋላው የሚከፈት አይመስልም። ይኼ ስናይድር ነው ወይስ ባሩዱንም አረሩንም በአፉ የሚጎርሰው የቀድሞው? ሐዋሳ የሐይቅ ዳር ከተማ ናት፤ በክረምት ብረቱ ቀይ ዱቄት ያወጣል፤ ምን ይቀባ? ደግሞም አሜሪካኖች «የተራራ ሰዎች» እያሉ ይህን ዓይነት ጠመንጃ እስከ ዛሬ ሙጥኝ ያሉት ለምንድን ነው?

ነፍጥ ወዳጅ፦
ኋላው ካልተከፈተ ስናይድር አይደለም፤ ዘመዱ ግን ነው። እንግሊዞች በ1853 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ኤንፊልድ የተባለ በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ከ1866 ጀምሮ ኋላውን እየቆረጡ ወደ ቀኝ የሚገለበጥ ክዳን ገጠሙለት፤ ስናይድር የተባለው ይኸው ነው። የጎን ብረቱና መምቻው የአሮጌው ስለሆኑ 1859 የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አይለየውም። ሜትር ይዘህ በርሜሉን ለካ። ባለ ሦስት ቀለበቱ ኤንፊልድ 99 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የስናይድሩ 93 ገደማ። ልዩነቱ ተቆርጦ የወጣው ነው። በርሜሉ ላይ በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላት ካገኘህ ደግሞ በርሜሉ የተፈተነው ቤልጅግ፣ ሊዬዥ ከተማ ነው።

ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስልህ። ባሩድ ማፍሰስ፣ አረር መግፋት፣ በዘንግ መጠቅጠቅ፣ እሳት የሚጭረውን የመዳብ ቆብ ጡቱ (መምቻው የሚመታው ቀዳዳ ያለው ትንሽ ብረት) ላይ መድፋት፤ ይህን ሁሉ የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ ሦስት ጊዜ ቢያደርግ ነው። ስናይድር ዐሥር ያህል ይተኩሳል። በአፉ የሚጎርሰው «ቆመህ ጠብቀኝ» የተባለው ከዚህ መጠበቅ የተነሣ ነው ይባላል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር መቅደላ ሲዘምት ወታደሩ ስናይድር ይዞ ነበር፤ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጠመንጃ ግን በአብዛኛው በአፉ የሚጎርስ ነበር። በዚያ ዘመቻ መቅደላ አጠገብ «አሮጌ» በተባለው ሜዳ ላይ የወደቀውን ሰው ብዛት ያለዚህ መረዳት አይቻልም።

ብረት ሠሪ (አዳማ)፦
ጋሼ ስለ መለየቱ በደንብ አስረድተዋል፤ ግን ከሁሉ በፊት ጎርሶ መቀመጡ ይታይ። ጥቁር ባሩድ እርጥበት ካላገኘው መቶ ዓመት አልፎትም ይነዳል። አፈሙዙ ፊት ማንም አይቁም። ጡቱ ላይ ቆብ ካለ ዘንጉን አታስገባ፣ መምቻውንም አትንካ፤ ለባለሙያ ተወው። ቆብ ከሌለ ቀጭን የእንጨት ዘንግ (ብረት አይሁን) እስኪቆም ድረስ ቀስ አድርገህ አስገባ፣ አፈሙዙ ጋ በፕላስተር ምልክት አድርግ። አውጥተህ ምልክቱን ከአፈሙዙ እኩል ይዘህ በውጭ በኩል በርሜሉ ላይ አስተኛው። ጫፉ ጡቱ ጋ ከደረሰ ባዶ ነው። 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ከቀረው ባሩድና አረር ውስጡ አለ፤ 4.5 ግራም ባሩድና አንድ የኤንፊልድ አረር የሚይዙት ቦታ ያን ያህል ነው።

ባዶነቱ ሲረጋገጥ ስለ ዝገቱ። ብርጭቆ ወረቀትና ግራይንደር አታቅርብ፤ ጽሑፉና ዘውዱ በአንድ ከሰዓት ይጠፋሉ፤ ከጠፉም አይመለሱም። ጠቆር ያለው ቡናማ ገጽ ራሱ ብረቱን ይጠብቃል፤ መነሳት ያለበት እጅ ላይ የሚቀረው ቀዩ ዱቄት ብቻ ነው። የስፌት ማሽን ዘይት ቀብተህ አንድ ሌሊት አሳድረው፣ በነጋታው በጥጥ ጨርቅ ጥረገው፤ ካልለቀቀ ድገመው እንጂ አትፋቀው። ቅቤና ጮማ መቀባት የቆየ ልማድ ነው፤ ግን ሲቆይ ይኮመጥጣል፣ ናሱንም አረንጓዴ ያደርገዋል። እንጨቱን ቫርኒሽ አትቀባው፤ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል። በቆዳ አፎት ማስቀመጥም ይቅር፤ ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ የፋቂው መድኃኒትም ብረት ይበላል። በጥጥ ጓንት ያዘው፤ የእጅ ላብ ጨው አለው፣ በሳምንቱ የጣትህ አሻራ ዝገት ሆኖ ይወጣል። እኛ ጋ አቧራው ነው ጠላቱ፣ እናንተ ጋ የሐይቁ እርጥበት፤ ስለዚህ ከግድግዳ አርቀህ አየር የሚያገኝበት ቦታ አድርገው።

ባዶ መምቻ እየሳብክ አታስጩኸው። ጡቱ ጫፉ ይደፈጠጣል፣ ቆብም አይቀበልም።

ጥቁር ባሩድ፦
ስለ ተራራዎቹ ሰዎች፦ በሮኪ ተራሮች ቢቨር የሚባለውን ፀጉራም የውኃ እንስሳ የሚያጠምዱ ነበሩ። ከ1825 እስከ 1840 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ በአንድ ቦታ ተሰብስበው ቆዳውን በባሩድ፣ በእርሳስና በብርድ ልብስ ይለውጡ ነበር። ስመ ጥሩ ጠመንጃቸው ሴንት ሉዊስ ከተማ የነበሩት ወንድማማቾች ጄከብና ሳሙኤል ሃውከን የሠሩት ነው፤ የአፉ ስፋት ከ12.7 እስከ 13.7 ሚሊ ሜትር የሚደርስ፣ በርሜሉ ወፍራም። ከገበያ የወራት መንገድ ለራቀ ሰው የሚመች ነበር፤ ቀለህ አይፈልግም፣ አረሩን እሳት ዳር በቅርጽ ማውጫ ያፈስሰዋል፣ ካገኘውም አቅልጦ መልሶ ይሠራዋል።

የዛሬዎቹ ወዳጆቹ ፍቅር ያለው ጥንቃቄው ላይ ነው። ድቡልቡሉ አረር ከአፉ በጥቂቱ ያንሳል፤ ልዩነቱን የሚሞላው ቅባት የነካው ስስ ጨርቅ ነው፣ በበርሜሉ ውስጥ ከተፈለፈለው ጥምዝ ጋር ይዞ የሚያሽከረክረውም እሱ። ጨርቁ ከሳሳ አረሩ ይዋልላል፣ ከወፈረ መሐል ላይ ይቆማል። በባሩዱና በአረሩ መካከል ክፍተት ከቀረ ደግሞ በርሜሉ ያብጣል ወይም ይፈነዳል። ለዚህ ነው ዘንጋቸው ላይ ምልክት የሚያደርጉት፤ ምልክቱ ከአፈሙዙ ካልገጠመ አይተኩሱም። ብረት ሠሪ የነገረህ አለካክ ከዚሁ ጋር አንድ ነው። በእጅህና በዓይንህ የማትደርስበት ክፍል የሌለው መሣሪያ ነው፤ እኔም የምወደው ለዚሁ ነው። የአንተን ግን ለመተኮስ አታስበው፤ ብረቱ ውስጡ ምን ያህል እንደተበላ ከውጭ አይታይም።

ታቦር ሥር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በርሜሉ 99 ነው፤ ኤንፊልድ መሆኑ ነው። ጡቱ ላይ ቆብ የለም። ዘንጉ ግን ከጡቱ 6 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው ቆመ። ውኃ ቢገባበት ባሩዱ አይሞትም?

ብረት ሠሪ (አዳማ)፦
አይበቃም። ውኃ በባሩዱ ውስጥ ያለውን ናይትሬት የተባለ ጨው ያሟሟዋል፣ ሲደርቅ ግን እዚያው ይቀራል፤ አረሩ የዘጋው ቦታ ድረስ መግባቱም አይታወቅም። ጎርሷል ብለህ ያዘው። እሳት፣ መሰርሰሪያ፣ ኮምፕረሰር አይቅረቡት። አፈሙዙን ሰው ወደማያልፍበት የአፈር ግድግዳ አዙረህ አስተኛው፣ ክፍሉን ቆልፍ። ጠመንጃውን ተሸክመህ አትሂድ፤ ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ ጎርሶ እንዳለ ንገራቸውና ባለሙያ ይዘው ይምጡ። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የመሣሪያው ምዝገባም በዚያው ይጠየቅ፤ ቅርስነቱን ደግሞ ለሚመለከተው የባህል ቢሮ አመልክት። ማሳያው ላይ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።