በባሕር ዳር የሠርግ ፎቶ አንሺ ለምትፈልጉ፦ ፎቶ ቤት ወይስ በግሉ የሚሠራ?

ጥያቄ፦ የእህቴ ሠርግ በጥር ወር ባሕር ዳር ላይ ይደረጋል። አንድ ፎቶ ቤት ዋጋ ነግሮናል፤ በግሉ የሚሠራ ወጣት ደግሞ በግማሹ እሠራላችኋለሁ ብሎናል። የሁለቱም ካሜራ አንድ ዓይነት ነው። የትኛውን ትጠቁሙናላችሁ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ። ካሜራው አንድ ዓይነት ከሆነ ስለ ካሜራ መጠየቁን እዚህ ላይ መተው ይቻላል። ከሁለቱም ዘንድ የምትጠይቁት፣ አንድ ሙሉ ሠርግ ከጠዋት እስከ ማታ የተነሳውን ሳይመርጡ እንዲያሳዩአችሁ ነው። በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚለጠፉት ፎቶዎች ከብዙ ሠርግ የተለቀሙ ስለሆኑ፣ አንሺው በአዳራሹ ደብዛዛ መብራት ወይም ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ በር ላይ በሚፈጠረው ግርግር ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አይነግሯችሁም። ሙሉውን ለማሳየት የሚያመነታ ሰው በእኔ ግምት ለሠርግ ገና ነው።

ፎቶዎቹን ስታዩ የሀበሻ ቀሚሱን አጉልታችሁ ተመልከቱ። ካሜራ ለራሱ ሲተው የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ስለሚሞክር፣ ነጭ ቀሚስና ነጠላ የለበሱ ሰዎች ፎቶውን ሲሞሉት ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ነጩ ዐመድማ ይሆናል፣ ፊቱም ከልክ በላይ ይጨልማል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይህን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ብርሃኑን ከፍ ያደርጋል፤ ነገር ግን አብዝቶ ከፍ ካደረገው የጥለቱና የጥልፉ ክር በነጩ ውስጥ ይጠፋል። የጥልፉ ክርም የእናትየዋ ዓይንም በአንድ ፎቶ ላይ ጥርት ብለው ከታዩ፣ ያ ሰው ሙያተኛ ነው።

ሁለተኛው መፈተኛ የሐይቁ ዳር ነው። ሐይቁ ከከተማው በስተ ሰሜን ነው፤ በጥር ደግሞ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ወደ ደቡብ ያዘነበለች ስለሆነች፣ ጣናን ከኋላቸው አድርገው ሜዳ ላይ የሚቆሙ ሙሽሮች ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትመታቸውና ዓይናቸውን ጨፍነው ይወጣሉ። ሁለቱንም «ሐይቁ ዳር የምታነሱን በስንት ሰዓት ነው፣ የትስ ታቆሙናላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዛፍ ጥላ ሥር አቆማችኋለሁ፣ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ እንሄዳለን የሚል መልስ የሰጣችሁን ያዙት። «እናንተ በመረጣችሁት ሰዓት» የሚለው መልስ ትሕትና ይመስላል እንጂ ሥራውን ለእናንተ መተው ነው።

የፎቶ ቤቶች ችግር ሌላ ነው። በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ሠርግ ስለሚደራረብ አንዳንዱ በአንድ ቀን ብዙ ሥራ ይይዝና ሥራውን ያያችሁለትን ባለሙያ ትቶ ገና የሚማረውን ይልክላችኋል። በዘመዶቼ ሠርግ ላይ ይህ ደርሶ አይቻለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ፎቶ አንሺው የፍላሹን ባትሪ ፍለጋ መኪና ውስጥ ነበር። ስለዚህ በውሉ ላይ የሚመጣው ሰው ስም፣ ሁለተኛ ካሜራ መኖሩ፣ ታርሞ የሚሰጠው ፎቶ ብዛት፣ የአልበሙ ገጽና የርክክቡ ቀን ይጻፉ፤ ቀብዱም ከዚያ በኋላ ይከፈል። ወጣቱ እነዚህን ካሟላና ቢታመም የሚተካውን ሰው ከነገራችሁ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ካላሟላ ግን ለፎቶ ቤቱ የምትጨምሩት ገንዘብ አይቆጫችሁም።

ለጉርድ ፎቶ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ቅርባችሁ ያለው ፎቶ ቤት ይበቃል። ሐይቁ ዳር ካሜራ አንግተው የሚዞሩትም ለአንድ ሁለት ማስታወሻ ፎቶ ደህና ናቸው።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ እናመሰግናለን ወንድማችን። ፎቶ ቤቱ ድሮንም አለበት ብሎናል፤ በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይም ያነሳናል። ወጣቱ ደግሞ ሁሉንም ፎቶ በቴሌግራም እልክላችኋለሁ ብሏል። በማግሥቱም ወደ ገዳማቱ ለመሄድ አስበናል።

መልስ፦ ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር አይቻልም፤ ስለዚህ ፈቃዱን በዓይናችሁ ሳታዩ ለድሮን ተብሎ የሚጨመር ዋጋ አትክፈሉ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ከምድር ሆኖ በደህና ሌንስ ቢነሳም ያምራል። ቴሌግራምን በተመለከተ፣ ፎቶ በተለመደው መንገድ ሲላክ ረጅሙ ጎኑ ወደ 1280 ነጥብ (ፒክሰል) ይወርዳል፤ ይህ በጥሩ የኅትመት ጥራት 11 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለስልክ ያምራል፣ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ግን አይሆንም። በፋይል መልክ ይላክላችሁ፣ ወይም በፍላሽ ዲስክ ተረከቡ፤ ዋናውን ቅጂ እስከ መቼ እንደሚያስቀምጥላችሁም ውሉ ላይ አስገቡት።

ለገዳማቱ፣ ክብራን ገብርኤል ሴቶች ስለማይገቡበት ሙሽራዋን ይዛችሁ ዘጌ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ብትሄዱ ይሻላል። የግድግዳ ሥዕሎቹን በፍላሽ ማንሳት አይገባም። ስለዚህ አንሺያችሁን በጨለማ ክፍል ያለ ፍላሽ ያነሳው ፎቶ ካለው አሳየኝ በሉት፤ ለሠርጉ አዳራሽም የሚያስፈልጋችሁ ያው ችሎታ ነው። ከሁለቱ የአንዱን ሙሉ ሠርግ ስታዩ ያልገባችሁ ነገር ካለ ጻፉልኝ፣ አብረን እናየዋለን።