«ሳልቬጅ» በአማርኛ፦ ማዳን፣ ማትረፍ፣ መታደግ ወይስ ማስጣል?

ብራና፦
ሰላም ለቤቱ። የኢንሹራንስ ውል እየተረጎምኩ ነው። ሌላው ሁሉ ሲሄድልኝ «ሳልቬጅ» የምትለው ቃል አላላውስ አለችኝ። አንዱ አንቀጽ ላይ ከሚቃጠል መጋዘን ዕቃ የማውጣቱን ሥራ ትላለች፤ ሌላው ላይ የቀረውን ዕቃ ራሱን፤ ስለ መርከብ በሚያወራው ላይ ደግሞ ላዳነው ሰው የሚከፈለውን ገንዘብ። ሁሉንም «ማዳን» ቢሏት «መድን ሰጪው ማዳኑን በጨረታ የመሸጥ መብት አለው» የሚል ጉድ ይወጣል። «መታደግ» ይሻል ይሆን? ወይስ እንደ ሥራው ሰዎች ሳልቬጅ ብዬ ልለፋት? እህታችሁን እርዱ።

አራሚው፦
እህቴ፣ የሰው ጽሑፍ ሳርም ስለኖርኩ እነዚህን ቃላት አንድ ባንድ ተጣልቻቸዋለሁ።

አዳነ ስፋቱ ነው ጣጣው። ሐኪምም ያድናል፣ ፈጣሪም ያድናል፣ ዋና የሚችልም ያድናል። የእሳት አደጋ ዜና ላይ «ንብረት ማዳን ተችሏል» ሲባል ጆሮ ለምዶታል፤ ውል ላይ ግን ልል ነው። በዚያ ላይ «አዳኝ» ብለሽ ስትጽፊ አንባቢው ጠመንጃ ያነገተውን ሰውዬ ሊያስብ ይችላል። ሲነገር የአውሬው አዳኝ «ዳ»ን ያጠብቃል፣ ያንኛው ያላላል፤ ወረቀት ላይ ግን መንትያ ናቸው።

ታደገ ጥድፊያ አለበት። ሊጠፋ ላለ ነገር ፈጥኖ መድረስ ነው። «ጣናን ከእምቦጭ እንታደግ» ሲባል ቅር አይለኝም፤ አረሙ ሐይቁን እየዋጠው ነዋ። «አርባ ካርቶን ሳሙና ታደግን» ስትይ ግን ቃሉ ከሳሙናው ይገዝፋል። ስሙ ደግሞ ባሰ፦ «ታዳጊ» ዛሬ ለብዙ ሰው ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ ነው።

አስጣለን እወዳታለሁ፣ ግን ያዥ ትፈልጋለች። ጅብ አህያዋን ነክሷት፣ የቤቱ ሰው እየጮኸ ዱላ ይዞ ወጥቶ ሲያስለቅቅ «ከጅብ አፍ አስጣልናት» ይላል። አፍ ወይም እጅ ያለው፣ የያዘውን ሊጥል የሚችል መኖር አለበት። ከሌባም፣ ከዱላም ያስጥላሉ። «ከጎርፍ አስጣለ» ካልሽ ጎርፉ እጅ ያወጣል። ለግጥም ያምራል፣ ለውል አይሆንም።

ለዕቃ ልኩ አተረፈ ይመስለኛል። ለምን ብትይ፣ መተረፍ እንዲኖር ሌላው መጥፋት አለበት። ግማሹ ነዶ ግማሹ ሲቀር ነው ነገሩ፤ ሳልቬጅም ይኸው ነው። አንድ እሾህ ብቻ አለው፦ ነጋዴም ያተርፋል። «ድርጅቱ ከቃጠሎው ብዙ ንብረት አተረፈ» የሚል ዐረፍተ ነገር ለክፉ አንባቢ ራሱ ለኩሶት ካሳ የበላ ያስመስላል። ስለዚህ «ከቃጠሎው የተረፈ ንብረት» በይና ሂጂ።

አሸሸን አትንኪያት። እሳቱ ሳይደርስ ዕቃውን ወደ ጎረቤት ግቢ ማዛወርን በደንብ ትገልጻለች፤ ሕግ የሚያነብ ሰው ግን ወዲያው ከአበዳሪ የተደበቀ ሀብት ይታየዋል። ዋጀና ተቤዠም ከዚህ ወገን አይደሉም፤ እነሱ ዋጋ ከፍሎ ማስመለስ ናቸው። የተያዘን ነገር እንጂ የሚነድን አይዋጁም።

የካሳ ክፍል፦
አራሚው ጥሩ ብሏል፣ ግን እኛ ዘንድ ሳልቬጅ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ግቢ ውስጥ የቆመው የተጨማደደ መኪና ነው። መጠገኛው ከዋጋው ሊበልጥ ሲሆን ለባለንብረቱ ሙሉ ካሳ ይከፈልና መኪናው ለመድን ሰጪው ይቀራል፤ እሱም በጨረታ ይሸጠዋል። ባለቤቱ «እኔው ላስቀረው» ካለ የሚያወጣው ግምት ከካሳው ላይ ይቀነሳል። እና «የተረፈ ንብረት» እዚህ ላይ ያሳስታል። ምኑ ተርፎ! ለቁርጥራጭ ብረት የሚሸጥም አለ። «ቅሪት» በይው፤ ገንዘቡንም «የቅሪት ዋጋ»።

አራሚው፦
ቅሪትን ተቀብያለሁ። ቅሪተ አካል ትዝ ቢልም የሞተ መኪና ስለሆነ ያስኬዳል።

ማዕበል፦
የመርከቡን አንቀጽ ለብቻው ያዢው። ቃሉ እንግሊዝኛ ውስጥ በ17ኛው መቶ ዘመን ሲገባ የክፍያው ስም ነበር፤ ሥራውና ዕቃው በኋላ የመጡ ትርጉሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 ለንደን ላይ የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ዋና ጉዳዩ ክፍያው ነው። ጥቅም ያለው ውጤት ካልተገኘ ክፍያ የለም፤ የሚከፈለውም ከዳነው መርከብና ጭነት ዋጋ አይበልጥም። ነዳጅ ባሕር ላይ እንዳይፈስ ለለፋ ግን፣ መርከቡ ቢሰጥምም ወጪው የሚተካበት ልዩ ካሳ አለ። ሕይወቱ የተረፈለት ሰው ምንም አይከፍልም፤ ነፍስ ያዳነው ግን ንብረቱን ላዳኑት ከሚከፈለው ላይ ተገቢ ድርሻ ያገኛል። ይህን ሁሉ «ክፍያ» ብቻ ማለት ያሳንሰዋል። «ወሮታ» የሚል ቃል እያለን! ላደረገው ውለታ የሚከፈለው፣ በደመወዝ ሳይሆን በውጤት። «የማዳን ወሮታ»።

ብራና፦
ወሮታ! ይባርክህ። አሁን እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ ድርጊቱ «ንብረት ማትረፍ»፣ ዕቃው «ቅሪት»፣ የባሕሩ «የማዳን ወሮታ»። አንድ ችግር ቀረኝ፤ የትርጓሜ አንቀጹ ላይ ዋናው ውል አንድ ቃል ነው የሚያስቀምጠው፣ እኔ ሦስት አለኝ። ደግሞ ሥራውን የሚሠራውን ሰው ምን ልበለው? አዳኝን አስፈራርታችሁኛል።

አራሚው፦
ሦስቱንም ለየብቻ ተርጉሚያቸው፤ አንቀጹ ሁለት ቁጥር ቢጨምር ማንም አይከስሽም። ከየአንዳንዳቸው ጎን አንድ ጊዜ ብቻ «ሳልቬጅ» የሚለውን በጥቅስ አኑሪና ከዚያ በኋላ አታምጪው። ለሰውየው ነፍስ አድን የሚል ቃል አለን አይደል? «ንብረት አድን» በይው፤ ጠመንጃው ይወርድለታል።

የካሳ ክፍል፦
ንብረት አድን ጥሩ ነው። የቅሪት ዋጋ ላይ ግን ማን እንደሚገምተው ውሉ ካልተናገረ ደንበኛሽን ጠይቂ፤ ጭቅጭቁ ሁሌም እዚያ ላይ ነው።