ጣቶቼ በብርድ ይገረጣሉ፣ ሁለት ምርመራ ለምን ታዘዘልኝ?

የሚኒሶታዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ብርድ ሲነካኝ ጣቶቼ ይገረጣሉ፣ ቆይተው ይጠቁራሉ፣ ሲሞቁ ደግሞ ያቃጥሉኛል። ጠዋት ጠዋት የእጄ አንጓዎችም ያብጣሉ። ሐኪሜ ሬይኖ (ብርድ ሲነካ የጣት ደም ሥሮች የሚጠቡበት ሕመም) ነው ብላ ካፒላሮስኮፒ እና የእጅ ዶፕለር አልትራሳውንድ አዘዘችልኝ። ሁለቱም የደም ዝውውር ለማየት ከሆነ አንዱ አይበቃም? ክፍያው ቀልድ አይደለም።

ጄል_አይሰሰትም፦
እህቴ፣ እንጀራዬ አልትራሳውንድ ማንሳት ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። የካፒላሪ (በጣም ቀጭኑ ደም ሥር) ውፍረት የሚሊሜትር መቶኛ ያህል ነው፤ የተለመደው አልትራሳውንድ አንድ በአንድ ለይቶ አያየውም። ካፒላሮስኮፒ ግን ጥፍርሽ ሥር ጠብታ ዘይት አድርጎ፣ እስከ 200 ጊዜ አጉልቶ ያሳያል። በጣም የሰፉ ወይም የጠፉ ካሉ ስክሌሮደርማ (ቆዳን የሚያደድር በሽታ) ይጠረጠራል። በ2013 የወጣው የበሽታው መስፈርት ለዚህ ለብቻው 2 ነጥብ ይሰጣል።

በእኛ በኩል የሚታየው የጣትሽ ደም ቅዳ ጠቧል ወይስ ተዘግቷል የሚለው ነው። እብጠቱን ደግሞ በፓወር ዶፕለር (የደም ፍሰትን በቀለም የሚያሳይ የአልትራሳውንድ ዘዴ) እናየዋለን። አንጓ ውስጡ ሲቆጣ ስክሪኑ ላይ ቀለም ይፈነጥቃል፤ ከ0 እስከ 3 ደረጃ ይሰጠዋል።

እኔን የሚያናድደኝ ጥድፊያ ነው። መሣሪያውን ትንሽ ጫን ካደረጉት ቀጭኑ ደም ሥር ይጨፈለቃል፣ ቀለሙ ድርግም ይላል፣ ሪፖርቱ ላይ «ደህና» ተብሎ ይጻፋል። እኔ ጄሉን ከምሬ፣ ቆዳውን ሳልጫን ነው የማነሳው። ማሽኑም ለዝግተኛ ፍሰት መስተካከል አለበት። አንቺ ደግሞ ከበረዶ እንደገባሽ አትጋደሚ፤ ሞቅ ያለ ክፍል ቆይተሽ እጅሽ ይላቀቅ። ያን ቀን ሲጋራ የለም። ቡናውንም ለከሰዓት አቆዪው (አውቃለሁ፣ ከባድ ነው)።

እናት_ዓለም፦
ለካፒላሮስኮፒው ሂና ወይም እንሶስላ እንዳትነኪ! የጥፍር ዙሪያውን ያጠቁረዋል። ማኒኪውርም ተይው፣ የጥፍሩን ሥር ቆዳ ሲቆርጡ ያበላሹታል። ደግሞ የእኛ ቆዳ ላይ መገርጣቱ ቶሎ አይታይም። እኔ ጥፍሬንና የውስጥ እጄን ሲነጣ በስልኬ አንስቼ ሳሳያቸው ነው የገባቸው።

የሚኒሶታዋ፦
ተባረኩ። ኒፌዲፒን ጀምሬያለሁ፣ ለምርመራው ላቋርጠው?

ጄል_አይሰሰትም፦
በራስሽ እንዳታቋርጪ! ደም ሥር የሚያሰፋ መድኃኒት ስለሆነ ውጤቱ ላይ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ቀጠሮው ሳይደርስ ለሐኪምሽ ደውለሽ ጠይቂ፤ ለሚያነሳሽ ሰውም መቼ እንደወሰድሽው ንገሪው።