ፒቱታሪ አለቃ ከሆነ ሃይፖታላመስ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ፒቱታሪ (አንጎል ሥር ያለ ትንሽ ዕጢ) የዕጢዎች አለቃ ነው ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ ከሱ በላይ ያለው የአንጎል ክፍል፣ ሃይፖታላመስ፣ እዚህ ውስጥ ምን ድርሻ አለው?

መልስ 1፦ አለቃውም ትእዛዝ ተቀባይ ነው። ሃይፖታላመስ ቲአርኤች የሚባል ሆርሞን በትንንሽ የደም ሥሮች በኩል ወደ ፒቱታሪ የፊት ክፍል ይልካል፣ ፒቱታሪ ደግሞ ቲኤስኤች የሚባል ሌላ ሆርሞን ያመነጫል፣ እሱ አንገት ላይ ያለውን ዕጢ ታይሮይድን ያነቃና የታይሮይድ ሆርሞኖቹ ቲ4 እና ቲ3 ይመረታሉ። በጣም የሚገርመኝ ግን እነዚህ ሲበዙ ራሳቸው ተመልሰው ሃይፖታላመስንም ፒቱታሪንም «በቃ» ማለታቸው ነው። ታይሮይድ ራሱ ሲደክም ቲኤስኤች ከፍ የሚለውም ለዚህ ነው፤ ቲ4 እና ቲ3 ስለሚያንሱ «በቃ» የሚለው ይዳከማል።

መልስ 2፦ የፒቱታሪ የኋላ ክፍል ለየት ይላል። ኦክሲቶሲን (በምጥና በማጥባት ጊዜ የሚሠራ) እና ቫሶፕሬሲን (የሰውነትን ውሃ የሚቆጥብ) የተባሉትን ሆርሞኖች የሚሠራቸው ሃይፖታላመስ ራሱ ነው፤ በነርቭ ክሮች ወርደው እዚያ ይቀመጣሉ፣ ሲፈለጉ ወደ ደም ይለቀቃሉ።

ጠያቂ፦ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። የጡት ወተት የሚያስመርተው የፊት ክፍል ሆርሞን ፕሮላክቲንስ?

መልስ 1፦ እሱ ተገላቢጦሽ ነው፣ ሃይፖታላመስ ዶፓሚን በሚባል መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል አፍኖ ይይዘዋል። ሃይፖታላመስንና ፒቱታሪን የሚያገናኘው ግንድ ቢጎዳ ሌሎቹ የፊት ክፍል ሆርሞኖች ሲቀንሱ ፕሮላክቲን ይጨምራል።